የያሲን ጋዝና የኔ ቅናት

ያሲን መሞቱን የሰማሁት ቤንዚን ወረፋ ላይ ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሹፌር መጥቶ መስኮቴን አንኳኳና፣ «ታምራት፣ ያሲን አረፈ እኮ። ከአስር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለኝ። ስኳር በሽታው ለወራት ሆስፒታል ሲያመላልሰው እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወዲያው ሞተሩን አስነሳሁና ከሰልፉ ወጣሁ። ማደያው በር ልደርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ እንዲህ ያለ ወረፋ ለወንድምም ቢሆን በቀላሉ አይለቀቅም።

ቀብሩ ላይ ደግሞ ቀናሁ። ሰው በሟች ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ሽርጥ የታጠቁ የሶማሌ ሽማግሌዎች፣ የባቡር ጡረተኞች፣ ፈረቃቸውን አቋርጠው የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ማተብ ያሰሩ የኔ ሰፈር ሰዎች፣ ሁሉም ጀናዛውን ለመሸከም ይሻማል። እኔም ተሻምቼ ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አስገባሁ፤ ጥቂት እንደሄድኩ አንዱ ገፋ አድርጎ ተቀበለኝ። ነገ እኔ ብሞት ማን ይመጣል ብዬ አሰብኩ። የሹፌሮች ማኅበሩ ይመጣል፤ ዕድሩ ግዴታው ነው፤ ሚስቴ አለች፤ እናቷም ከተመቻት ትመጣለች።

ያሲን ማን ነው ለምትሉ፣ እዚህ ድሬ ከሳቢያን ሰፈር ከፊራ ገበያ በሚሠራው መስመር ከኔ ጋር እኩል ሚኒባስ መንዳት የጀመረ ሰው ነው። አጭርና ደንዳና ነበር። አንገቱ ላይ የረጠበ ፎጣ ጣል ያደርግና ሙቀቱ ሲበረታ ጫፉን እያነሳ ፊቱን ያብሳል። ተሳፋሪ ሲጣደፍ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ትራፊክ ሲያስቆመው የሚላት ነገር አለችው። «ሁሉም ይደርሳል አቦ» ይላል። እሱ ሲላት ሰው ይረጋጋል። እኔም አንድ ቀን ሞከርኳት። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝና፣ «አንተ ደግሞ ከማን ሰምተህ ነው?» አለኝ።

ረዳት አይዝም ነበር። ተሳፋሪው ሒሳቡን እርስ በርሱ ሰብስቦ ከኋላ ወደ ፊት ያቀባብልለታል፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣጣል፤ ያሲን ዞሮ እንኳን አያይም። እኔ መኪና ውስጥ ረዳት አለ፤ ጭቅጭቅም አለ። የያሲንን ቋንቋ ደግሞ አታንሱብኝ። ሰው ገና እግሩ ደረጃው ላይ ሲያርፍ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ አውቆ፣ ሶማሌውን በሶማሌኛ፣ ኦሮሞውን በኦሮምኛ፣ ሐረሪውን በሐረሪኛ ያጫውተዋል። እኔ ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግኩት፤ አያቴ ባቡር ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ ከአማርኛ ሌላ የማውቀው ግን ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው። ስድቡ ይበልጣል።

አማቴ ሳቢያን ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ በሩን ከፍቼ ስጠራ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ አየኋት።

«እማማ፣ ግቢ እንጂ!» አልኳት።

«አንተ ሂድ ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» አለችኝ።

ከኔ ቀጥሎ ተራ የያዘው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ሚስቴም ራት ላይ «ያሲን ለእማዬ እንዲህ አላት» እያለች ታጫውተኛለች፤ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖራለሁ። ክፋት ቢኖረው በጠላሁት ነበር። ፈልጌ አጣሁበት፤ ከሁሉ የከፋብኝ እሱ ነው።

ጋዙ የመጣው የቤንዚኑ ነገር እየባሰ ሲሄድ ነው። መንግሥት ከቤንዚን ላይ ድጎማውን እያነሳ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እያዞረ ነው ተባለ። ጋዙ ከሶማሌ ክልል መሬት ሥር የሚወጣ ነው፤ በሲሊንደር ተሞልቶ መኪና ያስኬዳል። መኪናውን ለሚቀይር የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር የመግጠሚያውን ወጪ መንግሥት ይችልለታል፤ ጋዙም በድጎማ ዋጋ ይቀዳለታል፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። ይህን የሰማን ቀን የማኅበሩ ቢሮ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር። ጭብጨባው ጋብ ሲል ሊቀመንበሩ የቀረውን ነገረን፤ ለኛ መስመር ለሙከራ የተፈቀደው አንድ መኪና ብቻ ነው።

ያቺ አንድ መኪና የኔ እንድትሆን የተመኘሁትን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። ሚኒባሷን ትቶልኝ ያለፈው አባቴ ነው። እሷን ከምነዳበት ቀን ወረፋ ላይ አቁሜያት የምውልበት ቀን እየበዛ ሄዶ፣ ሚስቴ «ሽጣትና ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራተኛ ሰርቪስ ላይ ተቀጠር፤ ቢያንስ ደሞዝህን ታውቀዋለህ» ማለት ጀምራለች። እውነቷን ነው። ጋዙ ከደረሰኝ እቀጥላለሁ፤ ካልደረሰኝ የአባቴን መኪና ሸጬ የሰው መኪና እነዳለሁ።

የማኅበሩ ኮሚቴ ያሲንን መረጠ። እኔን ተጠባባቂ አደረገኝ። ተጠባባቂ ማለት ሙሽራው ምናልባት ቢቀር ተብሎ ሱፍ ለብሶ በር ላይ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ሄጄ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ጨበጥኩት።

«ያንተም ይደርሳል አቦ» አለኝ። ከልቡ ነበር ያለኝ፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ጠላቴም አይየው። ያሲን ማለዳ ሄዶ ጋዙን ሞልቶ ይመጣና ሥራ ይጀምራል፤ እኔ ማደያ በር ላይ ግንባሬን መሪ ላይ ደግፌ እንቅልፍ ይጥለኛል። የሱ ሞተር ለስልሶ ይሄዳል። እጁ ቤንዚን አይሸትም። የመኪናው መስታወት ላይ ስለ ጋዙ የሚናገር ሰማያዊ ተለጣፊ አለ፤ ማንም ሳያየኝ ጫፉን በጥፍሬ ነካ ነካ አድርጌ አውቃለሁ። አንድ ቀን ወረፋ ላይ በሙቀት ስቀልጥ አጠገቤ አቆመና በመስኮት ቀዝቃዛ ውኃ አቀበለኝ። ቢያላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር። ውኃውን ግን ጠጣሁት፤ ድሬ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሰዉ መጀመሪያ ላይ ጋዙን ፈርቶት ነበር። «ቦምብ ላይ ተቀምጠን እንሂድ እንዴ?» እያለ እኔ ጋ የሚገባው በዝቶ ሰነበተ፤ ተስፋ አደረግኩ። ያሲን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የገዛ እናቱን አምጥቶ ከኋላ ወንበር፣ ልክ ከሲሊንደሩ በላይ አስቀመጣቸው። እሳቸውም መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ከሳቢያን ከፊራ፣ ከከፊራ ሳቢያን ሲዞሩ ሰነበቱ። በእናቱ አይጨክንም ብሎ ሰዉ ገባ። ያሲን ደግሞ ለተሳፋሪው ሁሉ ያስረዳ ነበር፤ «ጋዙ በራሱ አይሸትም። ቢያፈተልክ እንዲታወቅ ብለው መጥፎ ሽታ ጨምረውበታል። የገማ ነገር ከሸተታችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ እኔ አቆማለሁ።» ተሳፋሪው አፍንጫውን አሹሎ መሄድ ጀመረ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከከፊራ ወደ ሳቢያን ስንመለስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ነበርን። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ የያሲን መኪና ቀጥ አለች። በሩ ተበረገደና ሰው እየተረጋገጠ ወጣ። «ጋዙ ሸተተ! ውረዱ! ውረዱ!» አንዷ በስመ አብ ትላለች፣ ሌላዋ ያ ረቢ ትላለች፣ አንድ ጎልማሳ ጫማውን መኪናው ውስጥ ትቶ በካልሲ ድልድዩን ተሻገረ። እኔም ወርጄ ሮጥኩ። ልትረዳው ነው ወይስ ጉዱን ልታይ ብትሉኝ፣ ሁለቱም ነው።

ስቀርብ ሸተተኝ። የገማ እንቁላልና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የተቀቀለ ይመስላል። ጋዝ ግን አልነበረም። ከፊራ ገበያ ያደገ አፍንጫ ይህን ሽታ አይስተውም፤ ሕልቲት ነው። ሕልቲት ቅመም ተራ የሚሸጥ ሙጫ ነው። ለሆድ ቁርጠት ከሆነ ሚጢጢ ቁራጭ ትበቃለች። በብዛት የሚገዛው ቤት ውስጥ ጂን የነካው ሰው ያለ እንደሆነ ነው፤ ያጥኑበታል። ድልድዩ ዳር ኢዶ ሮዳ ቆማለች። ኢዶ በሶማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ ሳቢያን ውስጥ ትልቁም ትንሹም እንዲያ ነው የሚጠራት። ዘንቢሏን ደረቷ ላይ አቅፋ በሻሿ ሸፍናዋለች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። ልጇ ታጭታ፣ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሙሽራዋ ቤት ሕልቲት በዘንቢል ገባ ተብሎ ከተወራ፣ የወንዱ ቤተሰቦች ያን ቀን ማታውኑ ሽማግሌ ልከው ነገሩን ያፈርሱታል።

ያሲን ተንበርክኮ የጋዙ ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል። የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል፤ አልተነፋም። ቀና ሲል መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ኢዶ ሮዳን አየ፤ ከዚያ ዘንቢሏን። ገባው። እኔም ማወቄን አወቀ። ተነሳና እጁን በፎጣው ጠርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አቦ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አንዷ ብሎን ላልታ ነበር። አጥብቄያታለሁ። ግቡ በቃ፣ ሁሉም ይደርሳል።»

ማንም አልገባም። ግማሹ በእግሩ ሄደ፣ ግማሹ እኔ ጋ ተጠቅጥቆ ገባ። ወደሱ መኪና የተመለሰችው ኢዶ ሮዳ ብቻ ናት። በመስታወት አየኋት፤ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች።

ብሎን አጠበቅኩ ያላት ነገር መዘዝ አመጣች። ድጎማውን ሲቀበል የፈረመው፣ ከተፈቀደለት ጋራዥ በስተቀር የጋዙን ዕቃ ማንም እንዳይነካ ነው። ቢያፈስ ይጠገናል፤ ሹፌሩ ራሱ ከነካው ግን ድጎማው ይነሳና ለተጠባባቂው ይተላለፋል። ተጠባባቂው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ መሐል ወዳለው የማኅበሩ ቢሮ ተጠራን። ሹፌሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ድጎማውን ከሚከታተለው ቢሮ የመጣች ወጣት ባለሙያ ሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«መካኒኮቹ መኪናውን ፈትሸውታል፤ የሚያፈስ ነገር የለም» አለች። «አቶ ያሲን፣ ብሎን ነክተዋል ወይስ አልነኩም? አልነካሁም ካሉ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

«ነክቻለሁ።»

«የሸተተውስ ምንድን ነው?»

«ጋዝ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ያሲን፣ በናትህ ራስህን አትጉዳ። ተሳፋሪ ይዞት የገባ ነገር ሊሆን ይችላል እኮ። ማን ምን ይዞ እንደነበር እስቲ አስታውስ» አለው።

«እኔ የሰው ዕቃ አላይም አቦ» አለ ያሲን።

ይሄኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋዙ ሊመጣልኝ ነው። የአባቴ መኪና ልትተርፍልኝ ነው። እኔ ግን ያሲንን ነበር የማየው። ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ማንም ሳያውቅለት፣ ማንም ሳያመሰግነው ያን ሁሉ ነገር አንስቶ ሊሰጥ ነው። እዚህም ቀናሁበት። ጋዙን ብወስድ ዕድሜ ልኬን የምነዳው የሱን ትራፊ ነው። እሱ ደግሞ ጋዙን አጥቶም በልጦኝ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። መኪናውን እችለዋለሁ፤ ቋንቋውን እችለዋለሁ፤ ይህችን ግን አልቻልኳትም።

ብድግ አልኩ። «የሸተተው ሕልቲት ነው» አልኩ።

ያሲን ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የሴትዮዋን ስም ላወጣ መስሎታል።

«የኔ ሕልቲት ነው። ከፊራ ገዝቼ ሳቢያን እንዲያደርስልኝ መቀመጫ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብሎን ላላ ያለው እኔን ላለማሳፈር ነው እንጂ ምንም አልነካም።»

«የራስህ መኪና እያለህ በሱ መኪና?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«በኔ መኪናማ ከጫንኩት ተሳፋሪ ይሸሸኛል ብዬ» አልኩ።

እዚህ ላይ ሁሉም አመኑኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከኔ የሚጠበቅ ነው፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ልታጠንበት። ያደረብኝ ነገር አለ» አልኩ። ይህችኛዋ ውሸት አልነበረችም።

ያሲን «ውሸቱን ነው» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ውሸት ነው ካለ፣ ታዲያ የማን ነው ተብሎ ሊጠየቅ ነው። ላቡ ጠብ ጠብ ሲል ፎጣውን እንኳን አላነሳም። ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲያው ብሎን አልተነካም፤ ድጎማው ይቀጥላል» አለች። ስብሰባው ተበተነ።

ስወጣ ያሲን መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ይስመኛል ብዬ ነው የሄድኩት። ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ።

«ለምን?» አለኝ።

«ምኑ ለምን?»

«ያቺ የኔ ነበረች እኮ፣ ታምራት። እኔ ጀምሬያት ነበር። ገብተህ ቀማኸኝ።»

«ጋዙን ተውኩልህ አይደል እንዴ?»

«ጋዙን ማን ጠየቀህ!» አለና በሩን ደርግሞ ሄደ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ የምላጨው ያንኑ ፊት ነው። እዚያው ከዚራ፣ ዛፉ ሥር ብቻዬን ቆሜ የሳቅኩትን ሳቅ ከዚያ በፊት ስቄው አላውቅም። የሚያልፈው ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ይየኝ።

ከተማው «ታምራት ጂኒ» አለኝ። የነፍስ አባቴ ጠርተው ገሠጹኝ። አማቴ ቤቷ ስገባ ጸበል ሳትረጭብኝ አታስቀምጠኝም። ያሲን ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። የኢዶ ሮዳ ልጅ ሠርግ ላይ ሁለታችንም ተጠርተን ጎን ለጎን አስቀመጡን። ኢዶ ሮዳ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ሁለት ሳህን ሐልዋ ራሷ ይዛ መጥታ ፊታችን አኖረች እንጂ። ያሲን የኔን ሳህንና የሱን ሳህን በዓይኑ ሲያስተያይ ያዝኩት። የኔው ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው፤ እርቃችንም ያው ሆነ።

ሚስቴን ከስብሰባው እንደተመለስኩ «መኪናዋን አልሸጥም» ብያት ነበር። መስመሩን ለሱ ለቅቄ የት እሄዳለሁ? ከዚያ ወዲህ እሱ በጋዙ፣ እኔ በወረፋዬ ተከታትለን ነዳን። እሱ ለአንዲት አሮጊት ወርዶ በር ሲከፍት ካየሁ፣ እኔ ቀጣይዋን ደግፌ አሳፍራለሁ። እኔ ነፍሰ ጡር ደጇ ድረስ ማድረሴን ከሰማ፣ እሱ በማግስቱ ምጥ የያዛት ፈልጎ ሆስፒታል ያደርሳል። አንዳችን ለሌላችን እጅ ሳንሰጥ ኖርን። አማቴ እንኳን ወደ መጨረሻው ላይ አልፎ አልፎ እኔ ጋ ትገባ ነበር።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ፣ ጋዙ ከነመኪናው ለያሲን ቤተሰብ እንደቀረ ሲታወቅ፣ ሚስቴ የቆየውን ነገር አነሳችው። ክፋት አልነበረባትም፤ እኔ ወረፋ ላይ ስከሳ አይታ ነው።

«እንግዲህ ሽጣት» አለችኝ። «አሁን ማንን ትበልጥበታለህ?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።